ከመሬት ሳይነሡ በረራን ስለ መማር



ትንንሽ አይሮፕላን ማብረር ከሚማሩት ሰዎች ብዙዎቹ በዛሬው ዘመን ወደ በረራ ትምህርት ቤት የሚመጡት ምንም ሳያውቁ አይደለም። ከመምጣታቸው አስቀድሞ በቤታቸው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፥ ለጨዋታ የተሠራውን መሪ ጨብጠው፥ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አይሮፕላን ለብዙ ሰዓት ሲያበሩ ሰንብተዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ በመጀመሪያው ቀን አስተማሪውን ያስደንቀዋል። በፊቱ የተደረደሩትን መለኪያዎች እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያስፈልገውን ቅደም ተከተል አንድም ሳያጓድል ይናገራል፤ ከመቆጣጠሪያው ማማ ጋር በራዲዮ የሚደረገውን ንግግር እንኳ በቃሉ ይዞታል። አይሮፕላኑ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። የተማሪው ዓይን ከመለኪያዎቹ ላይ አይነቀልም። ከመስተዋቱ ውጭ ሰፊ ሰማይና ጥርት ያለ አድማስ ተዘርግቶ ሳለ፥ እርሱ የሚመለከተው ከጉልበቱ በላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። የፍጥነቱ መርፌ ጥቂት ዝቅ ሲል መሪውን ይገፋል፤ ከፍ ሲል ይስባል፤ መርፌው ግን ከአይሮፕላኑ ዘግይቶ የሚናገር ነውና እርማቱ ሁልጊዜ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ አይሮፕላኑም በማዕበል ላይ እንዳለ ታንኳ ከፍ ዝቅ እያለ ይጓዛል።

በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው አስተማሪ አይቆጣም። ወረቀት ወይም ክብ የላስቲክ ክዳን አውጥቶ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል። ተማሪው ለጥቂት ጊዜ መብራት እንደ ጠፋበት ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ቀና ብሎ ወደ ውጭ ያያል፤ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከአድማሱ በታች ስንት ጣት ያህል እንደ ሆነ ይገምታል፤ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ አይሮፕላኑም ይረጋል። የዚያን ዕለት የበረራ ዋጋ ግን አዲስ ነገር ለመማር ሳይሆን የተማሩትን ለመርሳት የዋለ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ አገር የአንድ ሰዓት የትንሽ አይሮፕላን ኪራይ ከአስተማሪው ዋጋ ጋር ከመቶ ዶላር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም። ከገንዘቡም የሚከብድ ሌላ ኪሣራ አለ፤ እርሱ ወደ ኋላ ይነገራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በአምሳያው ላይ የተማረ ሰው ወደ እውነተኛው ሥራ ሲሻገር ከተማረው ውስጥ ምን ያህሉን ይዞ ይሻገራል? ጥያቄው የበረራ አስተማሪዎች ብቻ አለመሆኑን በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሚያገለግል ሁሉ ያውቀዋል። እጩው መምህር ጓደኞቹን እንደ ሕፃናት አስቀምጦ የሚያስተምርበት ሰዓት አለ። ጓደኞቹ አይንጫጩም፤ ሲጠየቁ ትክክለኛውን መልስ ይመልሳሉ፤ ትምህርቱም በተወሰነለት ደቂቃ ያልቃል። ይኸው እጩ ወደ እውነተኛው አንደኛ ክፍል ሲገባ ስድሳ ሕፃናት ይጠብቁታል፤ አንዱ እርሳሱ ጠፍቶበት ያለቅሳል፥ ሌላው በመስኮት ያያል፥ ሦስተኛው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ውድወርዝ በ1901 እንዳስረዱት፥ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው ችሎታ ሁለቱ ሥራዎች በጋራ ባላቸው ነገር መጠን ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ የቤት ኮምፒዩተርና ትንሹ አይሮፕላን የሚጋሩት ምንድን ነው? የማይጋሩትስ?

ከመሬት ሳይነሡ በረራን የማስተማር ሐሳብ ከኮምፒዩተር በብዙ ይቀድማል። በፈረንሳይ አገር አንትዋኔት የተባለውን አይሮፕላን ማብረር የሚማሩት ሰዎች በ1910 ግድም በግማሽ በርሜል ላይ ተቀምጠው፥ ረዳቶቻቸው በርሜሉን እያናወጡት ሚዛን መጠበቅን ይለማመዱ ነበር። ትልቁ እርምጃ የተደረገው ግን በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ ነው። የኤድዊን ሊንክ አባት የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው፤ ልጁም በ1929 ለኦርጋን ነፋስ የሚሰጠውን ወናፍ ወስዶ አጫጭር ክንፍ ካላት ትንሽ ሣጥን ሥር አደረገው። ወናፉ ሲነፋና ሲተነፍስ ሣጥኗ እንደ አይሮፕላን ታዘነብላለች፥ ትዞራለችም። በመጀመሪያ ጊዜ የበረራ ሰዎች እንደ ቁም ነገር አልቈጠሩለትም፤ ከሣጥኖቹ ብዙዎቹን የገዙት የመዝናኛ ስፍራዎች ነበሩ። በ1934 የአሜሪካ መንግሥት የአየር ፖስታውን ሥራ ከኩባንያዎች ወስዶ ለሠራዊቱ ሰጠ። ጊዜው የበረዶና የጭጋግ ወራት ነበርና፥ በመለኪያ ብቻ መብረርን በሚገባ ያልተማሩ ወጣት መኰንኖች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሠራዊቱ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎችን የገዛው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከ10,000 የሚበልጡ ተሠርተዋል። አሻንጉሊት ይባል የነበረው ነገር ወደ ትምህርት ቤት እንዲገባ ያደረገው የአስተማሪዎች ብልኅነት ሳይሆን የሰው ሞት መሆኑ ያሳዝናል።

የቤት ኮምፒዩተሩ ታሪክ ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይጀምራል። ብሩስ አርትዊክ የተባለው ተማሪ በ1975 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፥ አነስተኛ ኮምፒዩተር ከአይሮፕላን ውስጥ የሚታየውን ዓለም አይሮፕላኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በስክሪን ላይ ሊስል እንደሚችል አሳየ። ከእርሱ እጅ የወጣው ፕሮግራም በ1980 አፕል ለተባለው የቤት ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ፤ በ1982 ማይክሮሶፍት በራሱ ስም አወጣው። በዚያን ጊዜ ምድሪቱ ጥቂት መሥመሮች ብቻ ነበረች። በ2020 የወጣው እትም ግን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ መላውን ምድር ያሳያል። እግረ መንገድ ለማስታወስ ያህል፥ የዚህ ፕሮግራም በረራ ለብዙ ዓመታት ይጀምር የነበረው በቺካጎ ሐይቅ ዳር ከነበረው ከሜግስ ፊልድ ነው፤ ቺካጎን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ማኮብኮቢያውን እንደ ደጃቸው ያውቁት ነበር። የከተማው ከንቲባ በመጋቢት 2003 በሌሊት በቡልዶዘር አስቈፍረው ዘጉት፤ ቦታውም መናፈሻ ሆነ።

ይኸው ዩኒቨርሲቲ የበረራ ተቋምም ነበረውና፥ ለመምህራን እጅግ የሚጠቅመው ሙከራ የተደረገው በዚያው ነው። ስታንሊ ሮስኮ የተባሉት ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር በ1973 ባሳተሙት ጥናት፥ ተማሪዎችን በአራት ክፍል ከፈሏቸው። በመሬት መሣሪያ ምንም ያልተለማመዱት የመጨረሻውን ፈተና ለማለፍ በአማካይ 45 ሰዓት ያህል በአየር ላይ አስፈለጋቸው። አስቀድመው 3 ሰዓት በመሣሪያው የተለማመዱት በ40 ሰዓት ያህል አለፉ። 7 ሰዓት የተለማመዱት ከ39 ሰዓት ጥቂት ያነሰ፥ 11 ሰዓት የተለማመዱት ደግሞ 38 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ይህ ሒሳብ በእርጋታ ሊታይ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት አምስት የበረራ ሰዓት አተረፉ፤ ቀጥሎ የመጡት አራት ሰዓታት ሁለት እንኳ አልሞሉም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ሰዓታት ትርፍ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ወርቅ ሲሆን አሥረኛው ሰዓት መዳብ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ተማሪዎች የተለማመዱት ብቻቸውን በጓዳ ተቀምጠው ሳይሆን፥ ትምህርቱ በሥርዓት ተዘጋጅቶላቸው አስተማሪ እየተቆጣጠራቸው ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በዚያው ስፍራ በተራ ኮምፒዩተር ላይ በተሠራ መሣሪያ የመለኪያ በረራ ሲመረመር ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ መሣሪያው በብዙ የጠቀመው አዲስ ነገር በሚጀመርበት ጊዜ ነበር፤ አስቀድሞ የታወቀውን ለመከለስ ሲሆን ግን ጥቅሙ አነሰ። በቤቱ ሁለት መቶ ሰዓት የበረረው ወጣት እንግዲህ ከመቶ ዘጠናውን ሰዓት በምን ላይ እንዳዋለው ራሱን ቢጠይቅ አግባብ ነው።

የማይጋሩት ነገር ከዓይን ይጀምራል። በጠራ ቀን የሚበር ሰው ከጊዜው ዘጠኙን እጅ ወደ ውጭ፥ አንዱን እጅ ብቻ ወደ መለኪያዎቹ እንዲያይ ይመከራል። ሌላ አይሮፕላን መምጣቱን የሚነግረው ዓይኑ እንጂ መርፌ አይደለምና። በቤት ስክሪን ላይ ግን ዓለሙ በጠባብ መስኮት የሚታይ ነው፤ መለኪያዎቹ ደግሞ ጎላ ብለው ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ዓይን የበለጠ ነገር ወደሚያገኝበት መሄዱ አያስደንቅም። ተማሪው ሰንፎ ሳይሆን መሣሪያው እንዲህ አስተምሮት ነው። ለማረፍ የሚዘጋጅ ትንሽ አይሮፕላን በማኮብኮቢያው ዙሪያ አራት ማዕዘን እየሠራ ይዞራል። ማኮብኮቢያውን በግራው አድርጎ፥ ከመሬት 1,000 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ፥ ከሚያርፍበት አቅጣጫ ተቃራኒ ከሄደ በኋላ፥ የማኮብኮቢያው ጫፍ ከግራ ትከሻው በስተኋላ 45 ዲግሪ ያህል ሲሆን ይታጠፋል። ይህን ለማየት አንገቱን ማዞር አለበት። በቤት ግን አንገት በመዞር ፈንታ ቁልፍ ይጫናል፤ ቁልፉ ሲጫንም ከፊት ያለው አድማስ ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ የቤት ተማሪ መታጠፊያውን በካርታው ምስል ወይም በሰከንድ ቁጥር ይለምደዋል። በእውነተኛው ቀን ነፋስ ሲነሣ የሰከንዱ ቁጥር ይከዳዋል።

ከሁሉ የሚብሰው የማረፊያው ጊዜ ነው። አይሮፕላኑ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ሲቀረው፥ ነጂው አፍንጫውን በቀስታ ቀና አድርጎ ፍጥነቱ እያለቀ በዋናው ጎማ እንዲያርፍ ያደርጋል። ከፍታውን በዚያች ቅጽበት የሚነግረው መሬቱ ከግራና ከቀኝ በዓይኑ ጠርዝ ሲሮጥ የሚያየው ነው። ስክሪን ጠርዝ የለውም፤ ቢኖረውም ከጠርዙ ማዶ ያለው የቤቱ ግድግዳ ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ማረፍ ከእውነተኛው ማረፍ ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙ ተማሪዎችም በቤታቸው ማሳረፍ ስላቃታቸው ያለ ምክንያት ተስፋ ይቈርጣሉ። በቅርብ ዘመን ዓይንን ሁሉ የሚሸፍን ከራስም ጋር አብሮ የሚዞር መነጽር መጥቷል። ለአንገት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ዳሩ ግን ያን መነጽር ያጠለቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የገዛ እጁን አያይም።

እጅን በተመለከተ ሴስና 172ን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ይህ አራት ሰው የሚይዝ አይሮፕላን በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ከ44,000 የሚበልጥም ስለ ተሠራ፥ በዓለም ላይ በብዛት የሚማሩበት እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሪው ከክንፉና ከጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ጋር በብረት ገመድ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ የነፋሱ ግፊት በገመዱ በኩል እስከ መዳፍ ይደርሳል። አይሮፕላኑ ሲፈጥን መሪው ይጠነክራል፤ ሲዘገይ ይላላል፤ ክንፉ አየሩን ሊለቅ ሲቃረብ መሪው ኃይል እንዳጣ እጅ ይዝላል። ይህ ልስላሴ ከማንኛውም መርፌ ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጂው በረጅም ጉዞ መሪውን ሲገፋ ወይም ሲስብ እንዳይደክም፥ ትሪም የምትባለውን ትንሽ መንኰራኵር አዙሮ ግፊቱን ከመዳፉ ላይ ያወርዳል፤ ትሪም በትክክል መደረጉን የሚያውቀውም እጁ ሲያርፍ ነው። ለጨዋታ የተሠራው መሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሞላ የሚሠራ ነው። ሞላው በፈጠነም በዘገየም ጊዜ ኃይሉ ያው ነው፤ ሲለቁትም ወደ መካከል ይመለሳል። እዚያ ላይ ትሪም የሚማር ሰው የሚማረው የእጅ ዕረፍትን ሳይሆን የመርፌ እርማትን ነው።

ስለ እግር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የእነዚህ አይሮፕላኖች አፍንጫ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የሚያቀናው የቀኝ እግር ፔዳል ነው። ብዙ የቤት ተማሪዎች ፔዳል የላቸውም፤ የእግሩን ሥራ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራላቸዋል። ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው መቀመጣቸውን አስተማሪው ወዲያው ያስተውላል።

አሁን ከገንዘብ የሚከብደው ኪሣራ ይነገራል። በሰው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበቶች አሉ፤ ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር መዞራችንን ያስታውቁናል። መዞሩ ሳይለዋወጥ ከቀጠለ ግን፥ በሃያ ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ፈሳሹ ከቀለበቱ ጋር እኩል መሄድ ይጀምራል፤ የመዞርም ስሜት ይጠፋል። በደመና ውስጥ ወደ ግራ እየዞረ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አይሮፕላኑን ሲያቃናው ደግሞ ወደ ቀኝ የሚዞር ይመስለውና ተመልሶ ወደ ግራ ያዘነብላል። አድማስ በሚታይበት ጊዜ ዓይን ጆሮን ያርመዋል፤ በደመና ውስጥ ግን የሚያርመው መለኪያውን ማመን ብቻ ነው፤ እርሱም የገዛ ሰውነትን ምስክርነት ሐሰት ነው እንደ ማለት ስለ ሆነ እጅግ ይከብዳል።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ይህን በሙከራ አሳይቷል። በመለኪያ መብረርን ያልተማሩ ሃያ ሰዎች አስተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ በእውነተኛ አይሮፕላን ከበረሩ በኋላ ውጭውን እንዳያዩ ተደረገ። ሃያውም አይሮፕላኑን መቈጣጠር አቃታቸው፤ አሥራ ዘጠኙ እየተጠማዘዘ ወደ መሬት በሚወርድ ዙር ውስጥ ገቡ። እስከዚያ ድረስ የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከጥቂት ትምህርት በኋላ ግን እነዚሁ ሰዎች ዞረው ከደመናው መውጣትን ቻሉ። በሐምሌ 1999 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ከባለቤቱና ከእኅቷ ጋር በጨለማና በጭጋግ በባሕር ላይ ሲበር የሞተው፥ መርማሪዎቹ እንዳስረዱት፥ አቅጣጫው በሰውነቱ ስለ ተሳተበት ነው።

የቤት ወንበር ግን አይንቀሳቀስም። ጆሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ እውነቱን ይናገራል፤ ሰውዬው በእርግጥ ተቀምጧልና። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ በደመና ውስጥ መብረር ቀላል ነው፤ መርፌዎቹን የሚቃወማቸው ምስክር የለም። በቤቱ መቶ ጊዜ ደመና ሰንጥቆ ያለፈ ወጣት፥ ፈቃድ ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰማዩ ሲጠቁር ቢያይ፥ ይህን እንኳ አውቀዋለሁ ብሎ ወደ ፊት ቢቀጥል ማን ይፈርድበታል? ያወቀው ግማሹን ነው፤ መለኪያ ማንበብን ተምሯል፤ ሰውነቱን አለማመንን ግን አልተማረም። ምንም ያልተማረው ጓደኛው ፈርቶ ይመለሳል። ከኮምፒዩተሩ ጉዳቶች ሁሉ የመጨረሻው ክፉ ይህ ነው፤ ችሎታን ሳይሰጥ ድፍረትን ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ መሣሪያውን በጠቅላላው የሚንቁት የበረራ አስተማሪዎች ትክክል ናቸው ማለት አይገባም። በአየር ላይ ሰሌዳና ጠመኔ የለም፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ ገንዘቡ ይቈጠራል፥ ተማሪውም ፍርሃቱን ያዳምጣል እንጂ አስተማሪውን በሙሉ ልቡ አያዳምጥም። ኮምፒዩተሩ ግን ሊቆም ይችላል። አይሮፕላኑን በአየር መካከል አቁሞ አሁን ምን እየሆነ ነው ብሎ መጠየቅ፥ መልሱ እስኪገኝ መጠበቅ፥ ከዚያም ከዚያው ቦታ መቀጠል፥ ከሊንክ በፊት የነበሩ አስተማሪዎች በሕልማቸው እንኳ ያላዩት ነገር ነው። ሥራው በቅደም ተከተል የሚሠራ ሲሆን፥ ለምሳሌ ከመነሣት በፊት የሚደረገው ምርመራ፥ የራዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ አያያዝ፥ በመለኪያ ወደ ማኮብኮቢያ የመቅረብ ሥርዓት፥ እነዚህ ሁሉ የአእምሮ ሥራዎች ስለ ሆኑ በሚገባ ይሻገራሉ።

በአየር ላይ ሊሞከር የማይገባው ነገርም በኮምፒዩተር ይሞከራል። ተነሥቶ ገና ጥቂት መቶ ጫማ ከፍ ሲል ሞተሩ የጠፋበት ሰው ወደ መጣበት ማኮብኮቢያ ለመመለስ ይፈተናል፤ ትምህርቱ ግን ከፊቱ ባለው ሜዳ እንዲያርፍ ነው። ይህን ቃል ብቻ የሰማ ተማሪ ሊረሳው ይችላል፤ በስክሪኑ ላይ ለመመለስ ሞክሮ ደጋግሞ ሲወድቅ ያየ ግን አይረሳውም። ከአፍሪካ ቀንድ ሄደው በዝቅተኛ አገር በረራ ለሚማሩ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር፥ የናይሮቢው ዊልሰን ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። በቦሌ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የአይሮፕላን ሞተር በባሕር ዳር ከሚሰጠው ኃይል ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ መሮጥ ይፈልጋል። በኢሊኖይ የበቆሎ ሜዳ ላይ የተማረ ወጣት ወደ አገሩ ሳይመለስ አይሮፕላኑን በስክሪን ላይ ቦሌ አቁሞ፥ አራት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ፥ በቀትር ሙቀት ለመነሣት ቢሞክር፥ ከመሬት ለመልቀቅ ከለመደው እጅግ የሚበልጥ ማኮብኮቢያ ሲፈጅበት በዓይኑ ያያል። ሠንጠረዥ እንዲህ አያስተምርም።

ብልኅ አስተማሪዎች እንግዲህ መሣሪያውን በልክ ያዙት። ተማሪው ለነገው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ፥ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ እንዲለማመድ ያዝዙታል፤ ያለ ዓላማ መዞርን ይከለክሉታል። የመጀመሪያው የአየር ትምህርት ሳይሰጥ በቤት ብቻውን እንዳይጀምር የሚሹም አሉ፤ አስቀድሞ የገባ ልማድ ከሁሉ ይጸናልና። የመለኪያውን ሰሌዳ ከስክሪኑ አጥፍቶ በአድማስ ብቻ እንዲበር ያደርጉታል። ተማሪው ሲወድቅ ያለችውን አንዲት ቁልፍ ተጭኖ እንደ አዲስ ከመጀመሩ በፊት፥ ለምን እንደ ወደቀ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ የሚያዝዙም አይታጡም። ይህች የመጨረሻዋ ልማድ ለሌላም ትምህርት ቤት ትጠቅማለች። ከኮምፒዩተር በፊት የነበረውንም ዘዴ አልጣሉትም፤ ተማሪው በተራ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ፥ እጁን መሪውና መቆጣጠሪያው ወዳለበት እየዘረጋ በረራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቡ ይበራል። ዋጋው ምንም ነው፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ አያንስም።

ሕጉም ይህንኑ ልክ የያዘ ይመስላል። በአሜሪካ ሕግ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ከአስተማሪ ጋር፥ ቢያንስ 10ሩ ለብቻ ናቸው። ከ40ው ውስጥ በተፈቀደ የመሬት መሣሪያ ላይ ከአስተማሪ ጋር ሊሞላ የሚችለው 2 ሰዓት ተኩል ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ45 ሰዓት ውስጥ 5ቱ በመሬት መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። በመለኪያ ለመብረር በሚሰጠው ፈቃድ ግን የአሜሪካ ሕግ በተሻለው መሣሪያ እስከ 20 ሰዓት ይቀበላል፤ ያ ትምህርት በአብዛኛው የአእምሮና የመርፌ ነውና። በጓዳ ውስጥ ያለ አስተማሪ የተበረረው ሰዓት በየትኛውም መዝገብ አይቈጠርም።

ተማሪው በቂ ሰዓት ከአስተማሪው ጋር ከበረረ በኋላ አንድ ቀን፥ ብዙውን ጊዜ ሳይነገረው፥ አስተማሪው አይሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው ዳር ያስቆመዋል። ቀበቶውን ይፈታል፥ ይወርዳል፥ በሩን ዘግቶ በእጁ ሂድ ይለዋል። ተማሪው ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ እንዲያርፍ ታዟል። ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ቀኝ እግሩን ይጫናል፤ አፍንጫው ቀጥ ይላል። የአስተማሪው ክብደት ስለ ጐደለ አይሮፕላኑ ከለመደው ቦታ ቀድሞ ከመሬት ይለቃል፥ ከለመደውም ፈጥኖ ይወጣል፤ መታጠፊያው ከፍታ ላይ ሲደርስ ማኮብኮቢያው ገና ከሥሩ አላለቀም። ተማሪው በዚያች ቅጽበት ለአንድ አፍታ ወደ ቀኝ ያያል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ማኮብኮቢያውን ይፈልጋል።